የመልእክተኛው መርዶ

መቼ እንደሆነ ልኩን አላስታውስም። ሁለት ክረምት ይሁን ሦስት ያለፈው፣ ገብሱ እሸት ነበር ወይስ ታጭዶ ነበር፣ ማሉ ብትሉኝ አልምልም። የማስታውሰው ንዴቱን ነው። እሱን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ሰው ሲያረጅ ልቡ ይበርዳል ይላሉ። ይህን ያሉት ገና ያላረጁ ሰዎች ይመስሉኛል።

እኔ ሸማኔ ነኝ። የምሸምነው የበግ ሱፍ ነው፤ ለብርድ የሚደረብ ባና እና ወፍራም ዝተት። በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ አስኳላ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ተውኩት። ፊደሉ ግን አልተወኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ አነብ ነበር። ልብ ወለድ የያዘኝ ግን ካረጀሁ ወዲህ ነው። ሞላሌ ገበያው ዳር ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ አንድ ባለ ሱቅ አለ፤ መጽሐፍም ያከራያል። ያስለመደኝ እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት መጽሐፍ እወዳለሁ። አንደኛው የድሮውን ዘመን ይዘው አሁን አሁን የሚጻፉት ናቸው፤ ንጉሡ፣ ድንኳኑ፣ በቅሎው፣ የጓዳው ሴራ። ሁለተኛው ከናካቴው የሌለ አገር የሚያወሩት። ጉም የሚሸምኑ ሰዎች ያሉበት አንድ መጽሐፍ አግኝቼ ሦስት ጊዜ ተከራይቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ጉም መች ጠፋ፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተኝቶ ነው የምናገኘው። ተሸምኖ ይለበሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጸሐፊው ድር እንዴት እንደሚወጠር የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንድ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብሎ አይቷል። ሌላው ደግሞ በታሪክ መጽሐፉ ወታደሩን ዝተት አልብሶ በረሃ ያወርደዋል። ያን ጊዜ መወርወሪያዬን ጥዬ፣ «እስቲ አንተው ለብሰህ ውረድ!» ብዬ መጽሐፉ ላይ እጮኻለሁ። ከመጽሐፍ ጋር መጣላትም ደስታ ነው። ያላነበበ አያውቀውም።

ከዚያ ዓይኔ ከዳኝ። ደብረ ብርሃን ወርጄ ለሐኪም ታየሁ። «አባት፣ ሞራ ቢሆን እገፍፍልዎ ነበር። ይህ የዓይን ግፊት ነው፤ የሄደው አይመለስም» አለኝ። የሰው ጥላ አያለሁ፣ የበር ብርሃን አያለሁ። ሽመናውንም እጄ ያውቀዋል። ፊደልን ግን እጅ አያነበውም።

በጓሮ በኩል የምትጎራበተኝ አንዲት ሴት አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሱፍ እየፈተለች ለእኔም ለሌላውም ትሸጣለች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። መጽሐፉን ታቅፌ መቀመጤን አይታ፣ «ጋሼ፣ እኔ ላንብብልዎ። ለእኔም ጨዋታ ነው» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ታነባለች። ሥራ እንዳይጎድልባት ባለቤቴ የእሷን እንዝርት ተቀብላ ትፈትልላታለች። እኔ እሸምናለሁ። እንዲህ አድርገን ብዙ መጽሐፍ ጨረስን፤ ያልደረስኩበትን የጉም ሸማኔዎቹን ሁለተኛ መጽሐፍም ጭምር። ዓይን ከነበረኝ ጊዜ ይልቅ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

የተጣላንበት መጽሐፍ ሁለት ክፍል ያለው የታሪክ ልብ ወለድ ነበር። የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ አገር የሚያቋርጥ አንድ ወጣት መልእክተኛ አለበት፤ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ዘፈን የማይወድ፣ ሲዋሽ የሚያስነጥሰው። ወደድኩት። ውሸት ሲጀምር እኔ ቀድሜ «ይማርህ!» እላለሁ፤ እሷ ትስቃለች። ወደ መጀመሪያው ክፍል ማለቂያ ገደማ ከአንድ ጓደኛው ጋር የሞላ ወንዝ ይገባል። ያን ቀን ባለቤቴ ማኅበር ሄዳ ብቻችንን ነበርን። ጎረቤቴ አነበበች፣ አነበበች፣ ከዚያ ድምጿ ቀጠነና፣ «ተሻገረ» ብላ መጽሐፉን ዘጋችው።

በማግስቱ ሰውየው ጠባዩ ተለውጦ ጠበቀኝ። ሲዋሽ አያስነጥሰውም። በቅሎ ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል።

«ይሄ ልጅ ምን ነካው?» አልኳት።

«ውሃው አስደንግጦት ነው ጋሼ» አለች።

እውነት ነው፣ ውሃ ያስደነግጣል ብዬ ተቀበልኩ።

መጽሐፉ ሲያልቅ ሁለተኛውን ክፍል ልወስድ ሞላሌ ወረድኩ። እኔ ባላይ መንገዱን አህያዬ ታውቀዋለች። ባለ ሱቁ ዘንድ ሁለት ሦስት ሰው ቆሟል።

«እንዴት ነው አባቴ፣ ወደዱት?»

«ወደድኩት። መልእክተኛው በሁለተኛው ክፍል ያገባል መሰለኝ። እዚያች ጠላ ጠማቂዋ ቤት ማደር አብዝቷል።»

«የትኛው መልእክተኛ?»

«ጆሮ ቆራጣው ነዋ!»

ባለ ሱቁ ጠጋ አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ለእኔ ብሎ ነው። «አባቴ፣ እሱን እኮ ወንዙ ወሰደው። ማዶ የተሻገረው ጓደኛው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔ ያነበብኩት…» ስል ከቆሙት አንዱ፣ «ኧረ ጉድ! አባባ የሞተ ሰው ሊድሩ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ሁለተኛውን ክፍል ሳልወስድ፣ የመጀመሪያውንም ሳልመልስ ወጣሁ። በመንገዱ ሙሉ የወንዙን ማዶ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ያቺን ጠላ ጠማቂ የወደደው እሱ አልነበረም። ንጉሡ ፊት ቆሞ የተሸለመው እሱ አልነበረም። እኔ ግን ሲሸለም እልል ብያለሁ። ለሌላ ሰው እልል አስብላኛለች! ልጁ ወንዝ ውስጥ ተኝቶ እርሙን ሳላወጣለት እልል አልኩ።

ጎረቤቴ ቤቴ ቆይታ ጠበቀችኝ፤ ሁለተኛውን ክፍል ጓጉታ።

«ሞቷል» አልኳት፣ ከአህያዋ ጭነት ሳላወርድ።

ብድግ አለች።

«ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«ሞቷል፣ ጋሼ።»

«ስንት ሰው ነው የደበቅሽብኝ? እኒያ ጉም የሚሸምኑት ሽማግሌስ?»

«እሳቸውም» አለች።

«እሳቸውም! ማኅበር አስገብተሻቸው ነበር እኮ! አንቺ ሴት፣ በእኔ ቤት የሞተና ያለ አይለይም ማለት ነው?»

ባለቤቴ እንዝርቱን እንደያዘች፣ «እኔንም አታላኛለች ለካ። ያቺን ጠላ ጠማቂ ለማን ስመርቅላት ከረምኩ?» አለች። ሊያስቀኝ አልቻለም።

ጎረቤቴ መለሰች። «ጋሼ፣ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። እርስዎ ጾመኛ፣ እህል አልቀመሱ፤ ሰው አጠገብዎ የለ። እንዲህ ባለ ሰዓት መርዶ ይነገራል? ጠዋት እነግርዎታለሁ ብዬ ነው። ጠዋት ስመጣ እርስዎ እየሳቁ ‹ልጃችን ደህና አደረ?› አሉኝ። ከየት ልጀምር?»

እኔም አሥር ዓመት አፌ ውስጥ የቆየውን ተፋሁት። «እንደ ልጄ!» አልኩ።

ይህን ልንገራችሁ። ልጄ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነበር። እዚያው ታሞ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው፤ በጠዋት ነው፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፤ ብቻውን ላለ ሰው፣ ለራበው ሰው አይነገርም። ደግ ሥርዓት ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አንድ ጠዋት ሲያልፍ ለነገ ይባላል፤ ነገ ደግሞ ሰንበት ነው፤ ከነገ ወዲያ አጎቱ ከራቤል ይምጣ ይባላል። ለእኔና ለባለቤቴ የተነገረን ወሬው መንደር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ማኅበር ጠጥቻለሁ። ቀልጃለሁ። ለልጄ ሠርግ ያልኩትን ዝተት እየሸመንኩ፣ አላፊ አግዳሚውን «ሙሽራው እንዳይበርደው» እያልኩ አስቄያለሁ። የሚስቀው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያን ሳቅ ይቅር ብዬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩት።

«እንደ ልጄ» ስላት ጎረቤቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እንዝርቷን እንኳ አልወሰደችም።

ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሆነ እንጃ። ክፉ ጊዜ ነበር። በሁሉ ተናደድኩ። ማግ በተበጠሰ ቁጥር ተናደድኩ። መጽሐፉን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ይዤ አፍንጫዬን አስነካሁት፤ ዝንብ የተርመሰመሰበት ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ዓይኔንም ሰደብኩት። «ዳዊትዎን አይደግሙም? ለአዛውንት ልብ ወለድ ምኑ ነው?» ያለኝ ሰው ነበር፤ «ዳዊቱን በቃሌ ነው የምደግመው፤ ዓይን አይጠይቀኝም» ብዬ አሰናበትኩት። ባለቤቴ ደግሞ አትምረኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ላልተወለደ ሰው ሐዘን ተቀመጥክ? ንፍሮ ልቀቅልልህ?»

«ቀቅዪ!» አልኳት።

«እሷ ብትቀር ማን ያነብልሃል? እኔ ፊደል የለኝም፣ አንተ ዓይን የለህም። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ አልወጣንም።»

ይህ ገባኝ። ያን ወንዝ በትክክል ሳልሻገረው ልሞት ነው አልኩ በልቤ። ከወንዙ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። በተቆጣሁ ቁጥር ፊቴ የሚመጣው መልእክተኛው አልነበረም።

አንድ ቀን ለባለቤቴ፣ «ትምጣ በያት። በጠዋት ትምጣ። መጽሐፉን ይዛ ወንዙ ያለበት ገጽ ላይ ትንገረኝ» አልኳት።

መጣች። እህል ቀምሻለሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ መርዶ እንደሚቀበል ሰው። ባለቤቴ አጠገቤ። ጎረቤቴ አነበበች፤ አሁን ምንም አልዘለለችም። ደብዳቤውን ለጓደኛው አቀብሎት ነው የሄደው። ወንዙ ሲወስደው፣ «አልፈራሁም» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ ያስነጥሰዋል።

አለቀስኩ። ሽማግሌ እንደሚያለቅስ ሳይሆን እንደ ልጅ አለቀስኩ። ምድጃው ላይ የሚፈላ ነገር ይሸተኛል፤ ለካስ ያቺ ባለቤቴ እውነትም ንፍሮ ጥዳለች።

ጎረቤቴ መጽሐፉን አጠፈች። «ጋሼ፣ አንድ ሌላም አለ» አለች። «ያኔ፣ በልጅዎ ጊዜ። ሌሎቹ በሦስተኛው ጠዋት እንንገራቸው ብለው ነበር። ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ደሜ ፈላ። «ለምን?»

«ዝተቱ ግማሽ ላይ ነበር። ፈትሉን ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ፤ የቀረውን አውቃለሁ። አሁን ከሰሙ እጅዎ ዳግመኛ አይነካውም፤ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል? እየመጡ ባዩት ቁጥር ሊሞቱ ነው፤ ይጨርሱት አልኩ። በጨረሱ ማግስት ጠዋት ነው የመጣነው። ያንን ሁሉ ቀን እየመጣሁ ፈትል ሳቀብልዎ፣ ሲቀልዱ እየሳቅሁ ወጥቼ፣ ከጓሮ ነጠላዬን ነክሼ ነው የምመለሰው።»

ይቅር አልኩሽ አላልኳትም። «ለሞተ ሰው አሸመንሽኝ» አልኳት። «አዎን» አለች። ክርክር አላነሳችም። ያ ዝተት ዛሬም አለ፤ ውርጭ ሲሆን እኔና ባለቤቴ እንለብሰዋለን። እንደተወጠረ ቀርቶ ቢሆን ምን አደርገው ነበር? አላውቅም። ይህን አለማወቄም ያናድደኛል።

ንፍሮውን ሦስታችን በላን። ከዚያ ሕግ አወጣሁ። «ከእንግዲህ ሰው ሲሞት በሞተበት ገጽ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ ጋሼ። ማታ ግን አልናገርም።»

«ማታም ቢሆን!»

«ማታ አልናገርም አልኩ፤ ቢፈልጉ ሌላ አንባቢ ይፈልጉ።»

ሌላ አንባቢ ከየት ይመጣል? በዚሁ ጸናን። ሁለተኛውን ክፍል ጨረስን፤ ባለ ሱቁ ሌሎች አዳዲስ እየላከልን ነው። ታዲያ አሁን ጀንበር ሳትጠልቅ ድንገት መጽሐፉን ጠብ አድርጋ ከዘጋችው አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

«ማን ነው?» እላታለሁ።

«ነገ ጠዋት።»

«ንጉሡ ነው? ኧረ በእመቤታችን!»

«ደህና ይደሩ ጋሼ» ብላ ትሄዳለች። እኔ እስኪነጋ ስናደድ አድራለሁ፤ ስናደድም እጸልይላቸዋለሁ፤ ማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ለሁሉም።

ይህንንም ነገር እያወራሁ የምትጽፈው እሷ ናት። መልሳ ስታነብልኝ «ተናደድኩ» ያልኩት «ቅር አለኝ» ሆኖ አገኘሁት፤ አስፍቄ አስተካከልኩት። አሁን አልተፋቀ እንደሆነ እናንተ ታዩታላችሁ። ስሟን እንድትጽፍም አዝዣት ነበር፤ እምቢ አለች። እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኳት፦ ያን ወንዝ ያሻገረችኝ በጓሮ በኩል የምትጎራበተኝ ሱፍ ፈታይዋ ናት።