ደመና ነጂው ማሽኑን ለምን ሰበረ?

በደብረ ማርቆስ ከተማ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከእኔ በላይ ያነበበ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። እንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ይዤ በራሴ ተማርኩት። ሮቦቱንም፣ ሌላ ዓለም ላይ የሚኖረውንም ፍጡር ያወቅሁት እዚሁ ቤቴ ተቀምጬ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ለመስማት ዘገየ እንጂ አልቀረም። አንድ ወጣት መምህር ቤቴ ድረስ መጣ። የፊዚክስ፣ የሕግ፣ የእርሻና የሥነ ጽሑፍ መምህራን አንድ ላይ ሆነው ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ሊያጠኑ ነው፤ አንድ ታሪክ መርጠው እያንዳንዱ በሙያው በኩል ይናገርበታል። ታሪኩን ከእኔ ፈለገ። ሽፋኑ ተገንጥሎ የደራሲው ስም የጠፋ አንድ መጽሐፍ ሰጠሁት። ከከተማው ሰውም አንድ አንባቢ መድረክ ላይ እንዲቀመጥ አስበዋል።

"አባባ፣ አንባቢው እርስዎ ቢሆኑልንስ?" አለኝ።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ "ምሁራን ባሉበት እኔ ምን እላለሁ? እኔስ ይቅርብኝ" አልኩት።

በእኛ አገር ሰው በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አይልም። ምግብም ቢቀርብለት፣ የክብር ወንበርም ቢሰጠው ትንሽ ይግደረደራል፤ ጋባዡ "በሞቴ" ብሎ ሲለምነው ይቀመጣል። መምህሩ ግን አላስቸግርዎትም ብሎ፣ አመስግኖ ወጣ። ከደጅ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም።

በማግስቱ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ መምህሩ ከእኔ ቤት ወጥቶ ወደ እሱ ሱቅ እንደሄደ፣ እሱም ወዲያው እሺ እንዳለ ነገረኝ። ለዚህ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለመምህሩ የሰጠሁትን ያንኑ መጽሐፍ ቀደም ብዬ ያዋስኩትም እኔ ነኝ።

"ምነው ጋሼ፣ እምቢ አሉ አሉኝ?" አለኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። የምን ሥራ እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም፤ ያም አናደደኝ።

ቀኑ ሲደርስ አዲሱን ጋቢዬን ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። እሱ ከዶክተሮቹ መሐል ነው፤ ስሙ ተጽፎ፣ የታሸገ ውሃ ፊቱ ቀርቦለታል። እዚያ ወንበር ላይ ራሴን እያየሁ ሌላውን ነገር መስማት አቃተኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ የሚኖር አንድ ሰው ደመና የሚነዳ ማሽን ሠርቶ የቆላውን ዝናብ ሁሉ ወደ ራሱ አገር ይስባል። አዝመራው ያምርለታል። በመጨረሻ ግን ማሽኑን በገዛ እጁ ይሰብረዋል። የፊዚክሱ መምህር ደመና መንዳት ይቻል እንደሆነ ተናገረ፤ የሕጉ መምህር፣ ደመና የማን ንብረት ነው ብሎ ጠየቀ፤ የእርሻው መምህር፣ ዝናብ የበዛበት አፈር ታጥቦ ይሄዳል አለ። የጎረቤቴ ተራ ደረሰ። እሱም እኔ ሱቁ ውስጥ ስለ ሰው ስግብግብነት የነገርኩትን አንድ በአንድ አወረደው፤ ተጨበጨበለት።

ከዚህ ወዲያ መግደርደር ቀረ። ማንም ሳይለምነኝ እጄን አነሳሁ። ላሳፍረው ፈልጌ፣ ሰውዬው ማሽኑን ለምን ሰበረው ብዬ ጠየቅሁት። መጽሐፉ ምክንያቱን አይናገርም። ደጋግሜ አንብቤ እኔም መልስ አላገኘሁለትም። ዶክተሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ጎረቤቴ፣ "ጋሼ፣ ቆላዎቹ ገበያ መምጣት ስላቆሙ ይመስለኛል" አለ። "መጽሐፉ መሐል ላይ ገበያው ጭር ማለቱን ይናገራል። ሮብ ገበያ የቆላ ሰው ቢቀርብን እህላችንን ለማን እንሸጣለን? ከማንስ ጋር እንጣላለን?"

አዳራሹ ሳቀ። ያቺን የገበያ ገጽ ወደ ማሽኑ ለመድረስ እየቸኮልኩ ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ቅናቱ ደረቴ ላይ እንደ ቃር ነደደ።

ስንወጣ ወጣቱ መምህር ጥያቄዬን በጥናታቸው እንደሚያስገባው ነገረኝ። የጠያቂውም ስም ይጻፍ አልኩት። የመላሹንስ ሲለኝ፣ መልስማ ማንም ያገኛል፣ ከባዱ መጠየቁ ነው አልኩት። መጽሐፌንም ያኔውኑ ከእሱ ተቀበልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጎረቤቴ እንደገና እንዳውሰው ጠየቀኝ።

"መጀመሪያ እኔ ልጨርሰው" አልኩት።