የምታጠባ ተማሪ እናት ነኝ

ልጄ የወለደች ሰሞን ገንፎ አገነፋሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ የለመደው ሆኖ ነው መሰለኝ። ትልቁን ድስት ጥጄ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ ቅቤውን በበርበሬ ለውሼ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ቤቱን ዞር ብዬ ያየሁት። እኔ አለሁ። አልጋው ላይ ልጄ አለች። አጠገቧ ወንድ ልጇ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሌላ ሰው የለም። ማንንም አልጠራሁማ። እልልታዬን እንኳ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ ነው ያልኩት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤቴ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ልል ምንም አይቀረኝም። ስሙን ግን አላውቀውም።

ድሮ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብለን ስንኖር እንዲህ አልነበረም። አንዷ ስትወልድ የሰፈሩ ሴት ሳይጠራ ይመጣል፤ ገንፎው ያልቅና እንደገና ይገነፋል። እነዚያ ሴቶች ዛሬም እዚያው ናቸው። አንድ ስልክ ብመታ ታክሲ ውስጥ ተደራርበው ይመጡልኝ ነበር። ግን «አባቱስ?» ይሉኛል። አባቱ የልጄ የክፍል ጓደኛ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ወደ ቤተሰቦቹ አገር ሄደ፤ ስልኩም ጥሪ አይቀበልም። ይህን ለሰው መናገር ስላቃተኝ አልደወልኩም። ገንፎውን እኔና እሷ እያሞቅን በላነው።

ልጄ ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባቷ በልጅነቷ ስላረፈ ጉሊት ዘርግቼ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጥኩ ነው እዚህ ያደረስኳት። ማርገዟን የነገረችኝ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ «ሊያባርሯት ነው» የሚል ነው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንዲት ከኛ ከፍ የምትል ልጅ ነበረች። አረገዘች ተባለና ቦታዋ ባዶ ሆነ። መምህሩ ስም ሲጠራ ስሟን ዘለለው፤ እኛም ዞረን አላየንም።

«እማ፣ አያባርሩም» አለችኝ ልጄ። «የሴት ተማሪዎች ቢሮ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ከፈለግሽ ዓመቱን በደንቡ አቋርጠሽ ትመለሻለሽ፣ ካልፈለግሽ ትፈተኛለሽ፣ መብትሽ ነው አሉኝ።»

«አፋቸው ነው።»

«አፋቸው አይደለም።»

«ቢሮ የተቀመጠ ሰው ዛሬ ያለውን ነገ ይረሳዋል፣ ልጄ።»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ፈተናው የደረሰው ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ነው። አራስ ከደጅ አትወጣም፣ ልጁም ፀሐይ አይመታውም፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። «ለሚመጣው ዓመት ይቆይሽ» አልኳት። «ዘንድሮ ካልጨረስኩ አልመለስም፣ ራሴን አውቀዋለሁ» አለች። እኔም አውቃታለሁ። ጉሊቱ አጠገብ ልጇን አቅፋ ትቀመጣለች፤ ዓመቱ ሌላ ዓመት ይወልዳል፤ ከዚያ እኔን ትሆናለች። ይህ ከፀሐዩም ከሰው ዓይንም በላይ አስፈራኝና እሺ አልኩ።

ቢሮው ምድር ቤት ያለ ክፍል ውስጥ እንድትፈተን፣ ልጁ ሲርበው ወጥታ እንድታጠባ ፈቀደላት። ልጁን የሚይዝላት ሰው ግቢ እንዲገባም ለጥበቃዎቹ ተነገረ። «በሩ ላይ 'የምታጠባ ተማሪ እናት ነኝ' በያቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ከቤት ስንወጣ ግን እሷ ሳታየኝ ትንሿን የሽንኩርት ቢላዋዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ልጁ ጋቢ ውስጥ ከትቼ ነበር። አራስ ቤት ብረት አይታጣም። እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለልጄ ትራስ ስር አድርገናል።

እሷ መታወቂያዋን አሳይታ በተማሪዎች በር ገባች። እኔ ልጁን ታቅፌ በእንግዳ መግቢያ ተሰለፍኩ። ፈታሿ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። እጇን ጋቢው ላይ አሳለፈችና ቆም አለች።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?»

መልስ ሳልሰጣት አወጣችው።

«ልጅ አቅፈው ሊዘርፉን ነው እንዴ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች ሳቁ።

«ለአራስ ነው፣ የኔ ልጅ። ብረት ነው ብዬ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። እናቴም እንደዚሁ ናት።» ፈገግ አለች። «አራሷ ማን ናት ታዲያ?»

ያቺ ስሟ የተዘለለው ልጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። ስንት ጊዜ ያጠናሁት ነገር ጠፋኝ።

«ልጁ የኔ ነው» አልኩ።

ከነጠላዬ ስር የወጣውን ሽበቴን አየችው። «የእርስዎ?»

«የኔ።»

«ጎበዝ ነዎት ማዘር» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ።

«የተፈቀደው ለምታጠባ ተማሪ እናት ነው» አለች ፈታሿ። «እርስዎ ውጪ ይጠብቁ። ቢላዋዋን ሲሄዱ ይወስዷታል።»

አጥሩን ተደግፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላሉ። የሚያልፈው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ነው። ልጁን ከፀሐዩ በጀርባዬ ከለልኩት። እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ አባቷን የቀበርን ጊዜ እንኳ አጠገቤ ሰው ነበር። ልጁ ነቃ። አፉን ደረቴ ላይ እያንቀሳቀሰ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዚያ ጮኸ። የኔ ነው ያልኩት ልጅ ከኔ የሚያገኘው ምንም ነገር አልነበረም። እናቱ ወጥታ ስታጣን ፈተናዋን ጥላ ልትፈልገን እንደምትሮጥ ያኔ ታየኝ። ተነሳሁ። ሰልፉን አልጠበቅኩም።

«የኔ ልጅ፣ የነገርኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። «የምታጠባ ተማሪ እናት ነኝ። ልጁ የልጄ ነው።»

ጠጋ ብላ በዝግታ፣ «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?» አለችኝ። «ልጅዎ አሁን እዚህ ድረስ መጥታ እናቴስ ስትለኝ አልመጡም ብዬ መለስኳት።»

እየመራችኝ ሮጥን። ልጄ ክፍሉ በር ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሸሚዟ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ፈታኙ መምህር በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደሷ ያያል። አልተቆጣችኝም። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። መምህሩ ፊቱን ወደ ክፍሉ መለሰ። ልጁ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሲጠግብ መልሳ አሳቀፈችኝና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እስከ አባዶ ድረስ ልጁን አጠባች። ልንወርድ ስንል ነው ያነሳችው፦

«በሩ ላይ የኔ ነው አልሽ አሉኝ።»

«አልኩ።»

«ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ፈርቼ ነው እንጂ አላፈርኩም» አልኩ። እውነቱ ሁለቱም ነበር።

«ለሚቀጥለው ቢላዋዋን ቤት ተያት» አለች።

«ያለ ብረትማ አይሆንም።»

«መርፌ ቁልፍ ያዢ እሺ። እሱም ብረት ነው።»

በቀረው ፈተና ሁሉ ጋቢው ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቼ ሄድኩ። ፈታሿ ሳትጠይቀኝ ነው የምናገረው። «አውቃለሁ ማዘር፣ ይግቡ» ትለኛለች። ክፍሉ አጠገብ ዛፍ ጥላ ስር እቀመጣለሁ። ተማሪው እየሳቀ፣ ስልኩን እያየ ያልፋል። እጠየቃለሁ ብዬ እንደዚያ የፈራሁትን ነገር አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አንዳንዴ ቢጠይቁኝ ደስ ባለኝ ነበር።

የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ አልዘለለችም፣ አላለቀሰችም። «እማ፣ ጨረስኩ» ብላ ልጁን ተቀበለችኝ። ከሷ ትከሻ በላይ የእንጦጦ ጋራ ይታየኝ ነበር። ግርጌው ያሉት ሴቶች ልጄ መውለዷን አሁንም አያውቁም። ስልኬን አወጣሁ፤ የአንዷን ስም አገኘሁ። ክርስትናው ስለደረሰ ገንፎው አልፎበታል። ቢሆንም ደወልኩ፤ ይጠራ ጀመር።