ባዶውን የሚመልሰው ዋዳዮ

የሱኩር ገበያ ሰው ዋዳዮን ቆጥቋጣ ይለዋል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሠላሳ ዓመት ከሱቁ ጎን ቻርጀርና ማዳመጫ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ ዋዳዮ ቆጥቋጣ ከተባለ እኔ ኻሚሶ ምን ልባል ነው?

እኛ ዘንድ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ እንኳ ጨው ጣል ይደረግበታል። ዋዳዮ ይህን ወግ ወደ ቴፕ ጥገና ሥራው አመጣው። በካሴት ዘመን ቴፕ ሊያሠራ የመጣ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው አንድ ካሴት ውስጡ ያገኝ ነበር። በኪስ የሚያዙት ማጫወቻዎች ሲመጡ ደግሞ በኮምፒውተሩ መቶ ዘፈን ሞልቶ ይሰጣል፤ በነጻ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ዘፈን የማትጭንበት የሰው ጆሮ ብቻ ቀረህ" እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ባጉል የመጣችው እኛ አገር አስፋልቱን በሚያቀልጠው የሰኔ ሙቀት ነው። የጀልባ ሰዎች ወገን ናት፤ ከተማችን ዳር በሚፈሰው ወንዝ ላይ ተወልዳ እዚያው ያረጀች። ትልቅም ትንሽም እኅቴ ለማለት "አዲ" ነው የሚላት፤ እሷም ወንዱን ሁሉ ወንድሜ ለማለት "አዳ" ትላለች። ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ማጫወቻ አወጣች። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፍቶ ከፍቶታል።

"ይሄማ እርጉዝ ነው፤ አዋላጅ ጋ ውሰጂው እንጂ!" አልኳት።

"አንተን ያዋለደችህ ሴት ናት የተሳሳተችው" አለችኝና ወደ ዋዳዮ ዞረች። "አዳ ዋዳዮ፣ ባትሪውን ብቻ ይቀይሩልኝ። ሌላ ነገር እንዳይነኩብኝ። የሚራን ድምፅ አለበት።"

ሚራን ታናሽ እኅቷ ናት፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የጀልባ ሰዎች ሙሽራ ሲሸኙ የሚዘፍኑት ዘፈን አላቸው፤ የሙሽራዋን እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሰባት ሴቶችን በስም ይጠራል። የባጉልን ቤት ስሞች አንድም ሳትስት የምታውቀው ሚራን ብቻ ነበረች። በአንድ ሠርግ ላይ ስትዘፍን የባጉል ልጅ በዚህ ዕቃ ቀድቷታል። አሁን ሐሙስ የባጉል የልጅ ልጅ ልትዳር ነው።

ዋዳዮ ቀጭን ፕላስቲክ እያሾለከ ጀርባውን ፈለቀቀው። ያበጠውን ባትሪ ከሙጫው ለማላቀቅ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ ቢበሳ እሳት ነውና ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ነበር። አዲሱን አስገብቶ ሽቦውን አያያዘ፤ መስታወቱ በራ። የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን እሱ ያዘ። ሚራን ሦስተኛዋን አያት እየጠራች ነበር። ድምፅዋ ትንሽ ሻካራ ነው። አንጀቴን በላችው።

እኔ ደንበኛ መጥቶ ዞር አልኩ። ዋዳዮ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ለሺህ ማጫወቻ እንዳደረገው ሁሉ እሺ የሚለውን ተጫነ። መቶ ዘፈን ገባ። የነበረው ጠፋ።

ስመለስ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

"ብቻ ብላኝ ነበር" አለ። "ባትሪውን ብቻ።"

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ፎቅ ላይ ወዳሉት የኮምፒውተር ልጆች ይዞት ወጣ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱት።

"ስማኝ" አልኩት፣ "ባትሪው ሲያብጥ በላው በላት። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ፤ ያንተ ምላስ ደግሞ ምስጢር ይዛ ዓመት አታድርም።"

ረቡዕ ባጉል ፓላ የሚባለውን የወንዛችንን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች፤ ለዋዳዮ ስጦታ። አላስቀመጣትም። ቆሞ ነገራት፦ ሚራንን እንደሰማት፣ ከዚያ መቶ ዘፈን ሲሞላ በገዛ እጁ እንዳጠፋት፣ እንደማይመለስ። እኔ ቻርጀር የምቆጥር መስዬ አቀረቀርኩ።

ባጉል ማጫወቻውን ከፈተች። የአንድ ወንድ ዘፈን መጣ፤ ቀጥሎ የሌላ፤ ቀጥሎ የሌላ።

"መቶ ነው ያልከኝ?" አለችው። አንቱታው ቀረ። "ከመቶው የእናቴን ስም የሚጠራው የትኛው ነው?"

ዓሣዋን ይዛ ሄደች።

ሠርጉ ላይ ሚስቴ ነበረች። ሴቶቹ እስከ አራተኛዋ አያት ዘለቁ አለችኝ። ከዚያ በላይ ስም ጠፋ፤ አፋቸውን ዘግተው ዜማውን ብቻ አንጎራጎሩ። ሙሽራዋ ቀና ብላ አያቷን አየች፤ ባጉል ግን አንገቷን እንደደፋች ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ዋዳዮ ዕቃ እንደመጣ ይመልሳል። ዘፈን የለመዱት ደንበኞች ያኮርፋሉ፤ እርጅና ቆጥቋጣ አደረገው ይላሉ። እሱም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለም፤ እኔም እንዳልናገር አስምሎኛል። ይኸው ዓመት ሳይሞላ ተናገርኩ።

ከሠርጉ በወሩ ባጉል ተመልሳ መጣች። እንዳትሰድበው ፈርቼ ተነሣሁ። ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ዘፈኖችህን አውጣልኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ባዶ ይሁን።"

አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ እሷም አላቻኮለችውም። ሲጨርስ ተቀበለችውና ማዳመጫውን ሁለቱም ጆሮዎቿ ውስጥ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምንም የሚዘፍን ነገር የለም። መስታወቱ ብቻ ይበራል።

ዋዳዮ መፍቻዎቹን ሰበሰበ።

"ባትሪውስ እንዴት ነው፣ አዲ ባጉል?" አለ።

አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቀለች።

"ባትሪውማ ጎበዝ ነው" አለችው። "ሦስት ቀን ይቆያል።"