የፈረሷ መኪና ዘመድ

ልጅ ሳለሁ፣ ማሽላው ሲያሽት፣ አያቴ እንድሪስ ቆቦ ዳር ካለው እርሻችን ጫፍ የአገዳ እሳት አንድደው እሸት እየጠበሱ ያወሩልን የነበረው የጅብና የቀበሮ ተረት አልነበረም፤ የመኪና ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ከአሥመራ የወረደች ቀይ የአሜሪካ መኪና ታላቅ ወንድማቸውን አሕመድን ዋጃ መንገድ ላይ ገጭታ ገደለችው፤ ነጂው ዞሮ እንኳ ሳያይ ነጎደ። አያቴ ያኔ አጠገቡ ሆነው በልባቸው የያዙት አፍንጫዋ ላይ የሚጋልበውን የብረት ፈረስና ድምጿን ብቻ ነው። «ከጉሮሮዋ ታጉረመርማለች እንጂ አትጮህም» ይሉን ነበር፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ። ዓይናቸውን የሚያስለቅሳቸው ጭሱ ይሁን ወንድማቸው አላውቅም።

እኛ ዘንድ ደም አይረሳም፤ ገዳይ ከጠፋ ዘመዱ ይከፍላል። እኔም እዚያ እሳት ዳር ተቀምጬ፣ በዓይኔ ያላየኋትን መኪና ጥርሴን ነክሼ ጠላኋት።

የአሥመራ መንገድ እንደገና በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ሌላ ቀይ የአሜሪካ መኪና በቆቦ ሙቀት ውሃዋ ፈልቶ እኛ ሰፈር ቆመች። የሞተሯ ክዳን ላይ ክንፉን የዘረጋ ትልቅ አሞራ ተስሏል። ነጂው፣ ከውጭ የመጣ ለጋ ወጣት፣ ውሃ ሊለምን ወረደ። አያቴ ምንሽራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ዘመዷ ናት!» ብለው የአሞራውን ደረት በጥይት በሱት።

ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «አባቴ፣ ምን በደልኩዎት?» አለ።

«አንተማ ምን አጠፋህ ልጄ! እሷ ናት የዘመዷን ደም የከፈለች።»

እውነቱን ልናገር፣ እልል አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ አባጋሮቹ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። «መኪና ዘመድ አላት እንዴ?» ብለው ተከራከሩ፤ አንዳንዱም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በመጨረሻ ልጁን ይቅር አሰኙና አያቴን በቁርአን አስማሉ፦ የአሕመድ ደም ተመልሷል፣ ከእንግዲህ ማንንም አልፈልግበትም። ማሉ።

መካኒኩ ጠግኖ ሞተሯን ሲያስነሳት ታዲያ ጩኸቷ የገበያውን አህያ ሁሉ አስበረገገ። አያቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። የዚያን ዕለት ማታ እሸቱን ረስተውት ከሰል ሆነ።

«ሰማሽ አይደል? ይቺ ሰፊ ናት፣ ከባድ ናት፣ ጩኸት ብቻ! ስትነሳ እንኳ ታለከልካለች። ያቺ የፈረሷ ግን ቀላል ነበረች፣ ሳታስጠነቅቅ ነው የምትወነጨፈው። ሞተር ሁሉ ጉልበት በነበረበት ዘመን የተሠራች ናት ያቺ። ወላሂ፣ ዘመዷ አይደለችም። የሌላ ጎሳ ነው የመታሁት።»

«እንግዲያው ያችኛዋን ይፈልጓት፣ አባባ።»

«ምያለሁ እኮ!» አሉ፣ ያረረውን እሸት አንስተው እየወረወሩ።

ከዚያ ወዲህ የመኪና ነገር ከአፋቸው ሳይወጣ አለፉ። እኔ ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፣ ባሌም «የመኪና ቂም!» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ግን አስፋልቱ ላይ የሚያጉረመርም ነገር በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። የማሉት እሳቸው ናቸው። እኔ አልማልኩም።