የግንበኞቹ ስም

ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሳልፍ እርጥብ ኖራ ከሸተተኝ ዛሬም እግሬ ይያዛል። ወዲያው ጎንደር፣ በነገሥታቱ ግንብ ግቢ ውስጥ፣ ከአባቴ ኋላ ኋላ የምትከተለዋን ልጅ አያታለሁ። አባቴ የግቢው ዘበኛ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ካኪ ኮትና አንድ ዘለላ ቁልፍ ሰጥቶ ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት አስቀመጠን፤ እናቴ በግንቡ ጥላ ሥር ጎመን እየተከለች፣ እኛም ንጉሥ ግብር ባበላበት አዳራሽ ድብብቆሽ እየተጫወትን አደግን።

ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ ከግንቡ ድንጋይ እየፈነቀለ ይጥል ስለነበር፣ መስቀል እንዳለፈ አያ ፈረደ ከከተማው አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር ይመጣ ነበር። አያ ፈረደ ከወለቃ ቤተ እስራኤሎች አንዱ የሆነ ሽማግሌ ግንበኛ ነው፤ ኖራውን አቡክቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የተናደውን ሲጠግን ይውላል። በዚያ ዘመን የወለቃን ሰው ሥራውን ወስዶ ሰላምታውን የሚነፍገው ብዙ ነበር። አባቴ ግን ቀን ቀን ከጎኑ ተቀምጦ ያጫውተው ነበር። አያ ፈረደ ልጅ አልነበረውምና፣ ግንቡን የሠሩትን የቅድመ አያቶቹን ስም፣ ማን የትኛውን ግድግዳ፣ ማን የትኛውን ቅስት እንዳቆመ ሁሉ ለአባቴ ነገረው። በልጅነቱ የቄስ ተማሪ የነበረው አባቴም እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው።

በጋ ሲመጣ መንገዱ ይደርቅና እንግዳ በማኪና ይጎርፍ ነበር። ያን ጊዜ አባቴን ማየት ነው! ባርኔጣውን አውልቆ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ «ይህ የእገሌ እጅ ነው፤ ድንጋዩን ሲያጋጥም ምላጭ አያስገባም ነበር» ይላል። እገሌ የምለው እኔ ነኝ፤ እሱስ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነበር የሚጠራው። እኔ ሺህ ጊዜ ስለሰማሁት ሰልችቶኝ፣ የእንግዶቹን ቦርሳና ጫማ ሳይ እቆይ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ስገባ ደግሞ አዋቂ ሆንኩ። መምህራችን ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ብለው ከመጽሐፍ ሲያነቡልን፣ ግቢው የእኔ ቤት ነውና ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ልቤ አበጠ። በዚያው ዓመት ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ከአዲስ አበባ ትላልቅ ሰዎች መጡ። አያ ፈረደ የዚያን ዓመት ጥገና አልጨረሰም ነበርና መሰላሉ ላይ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ መዳፉን አሳርፎ የመጀመሪያውን ስም ሲጠራ፣ ከመሃል ብድግ ብዬ፣

«አባባ፣ እንደሱ አይደለም! የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። በመጽሐፍ አለ!» አልኩ።

እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛው ወፍራም ሰውዬ ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ሰጠኝና ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አንተስ ከልጅህ ብትማር ምን አለበት?» አለው። አባቴ መዳፉን ከግድግዳው ላይ አነሳ። አያ ፈረደ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ።

«ምነው ልጄ፣ ያያቶቼን እጅ ለባዳ ሰጠሽው?»

እኔ ካራሜላዬን እየመጠጥኩ ነበር።

አባቴ አልገረፈኝም፤ ቢገርፈኝ በተሻለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ቆሞ ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ አንድ ቃል አይተነፍስም ነበር። «ማን ሠራው?» ሲሉት፣ «በመጽሐፍ አለ ይላሉ» ብሎ ቁልፉን ያቃጭላል። አያ ፈረደ በሦስተኛው ክረምት ሞተ፤ አባቴ ወለቃ ድረስ በዝናብ ሄዶ ቀብሮት ተመለሰ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል አባቴ አልጋ ያዘ። በዚያው በጋ አንድ ወጣት ተመራማሪ የድምፅ መቅጃ ተሸክሞ ቤታችን መጣ። «አባቴ፣ ግንቡን የሠራው ያገር ሰው መሆኑን ደርሰንበታል። የግንበኞቹን ስም የሚያውቅ ግን አጣን፤ እርስዎ ያውቃሉ ብለውን ነው» አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄን ጠይቃት» አለ።

ሰውየው ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አዞረ። የመቅጃው ክር ይዞራል፣ እኔ አፌን ከፍቻለሁ፤ ያ ሁሉ ዓመት በጆሮዬ ሥር ከተጠራው ስም አንድ እንኳ አልመጣልኝም። ሰውየው መሣሪያውን አጠፋና አመስግኖን ሄደ።

ቂሙን የተወጣብኝ መስሎኝ አልጋው ሥር ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩት። «አባባ ይቅር በለኝ፤ አሁን ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

«ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ» አለ፣ በመዳፉ ራሴን ይዞ። «ስማቸውን ሳልጠራው ኖሬ ኖሬ ጠፍቶኝ ነው። ምናልባት አንቺ ይዘሽው እንደሆን ብዬ ነው።»

አሁን አልፎ አልፎ ጎንደር ስሄድ ትኬት ቆርጬ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ወደ ግቢው እገባለሁ። እኛ ያደግንባት ቤት ፈርሳ ሣር በቅሎባታል። አስጎብኚዎቹ ሸጋ ወጣቶች ናቸው፤ ግንቡን የሠሩት ያገራችን ግንበኞች እንደሆኑ ኮራ ብለው ይናገራሉ፣ መጽሐፉም እንደዚያው ሆኗል። ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ስማቸውን ጠየቀች። አስጎብኚው፣ «ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም» ብሎ መለሰላት። በልጅነቴ አባቴን በእንግዳ ፊት ለማረም ያልፈራሁት እኔ፣ ከሰዎቹ ኋላ ቆሜ ዝም አልኩ።