ጥቂት ውሃ ለአርባ ጋዋን

ሶዶ ላይ ዝናብ ሲጥል ቀዩ ጭቃ ማንንም አይምርም፤ የመዘምራንን ነጭ ጋዋን ግን ከሁሉ አብልጦ ይወዳል። ያን ጭቃ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጇ ያስለቀቀችው እትዬ አረጋሽ ናት። ከዱቦ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ እያሸች ታዜማለች። ዘንድሮ ግን የእጇ አንጓ አብጦ ጨርቅ መጭመቅ አቃታት።

መዘምራኑ ተመካከሩና ውሃ ቆጣቢ የተባለ፣ ከላይ የሚከፈት ማጠቢያ ማሽን ገዙላት። ነገ ጉባኤ ነው! አሥር ጋዋን ከተው በመስታወቱ ክዳን ሲያጮልቁ ከታች ጥቂት ውሃ ብቻ ታየ።

«ምነው! ይቺ የድመት ፊት ታስታጥባለች?» አለች ዘማሪዋ ሰብለ።

የመዘምራኑ መሪ ሚልክያስ ክዳኑን ከፍቶ ሁለት ጀሪካን ደፋበት። ጋዋኖቹ ተንሳፈፉ። ታጥበው ሲወጡ ግን ጫፋቸው እንደቀላ ነው።

«ተሸወድን! ሰኞ ይመለስ» አለ።

አረጋሽ ደነገጠች። ማሽኑ ከሄደ ጋዋኖቹ ወደ ሌላ አጣቢ ሊሄዱ ነው፤ ዜማዋም አብሮ። ያበጠ እጇን አየች። ድንገት ብድግ አለች።

«እኔ ጭቃ ሳስለቅቅ በሙሉ ገንዳ ነው እንዴ? ውሃውን ቀንሼ ጨርቁን በጨርቁ ነው የማሸው! እናንተ ዋና አስተማራችሁት!»

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው፤ እንደ እጅ…» አለ ሚልክያስ ሌላ ጀሪካን እያነሳ።

«ጀሪካኑን ወዲያ በልልኝ!»

ካልታጠቡት ደረቆች አሥሩን ለቀቅ አድርጋ ከተተች። ማሽኑ ወዲያ ወዲህ አዟዟራቸው፤ ክብደታቸውን መዘነና የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ቀዳ። ከዚያ ጋዋን በጋዋን ይታሽ ጀመር፣ ልክ እንደ እሷ! አረጋሽ ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብላ አዜመች፦

*ውሃው ጥቂት ቢሆን፣ ምን አስከፋሽ እጄ፤*
*ልብስ በልብሱ ታሸ፣ እረፊ ወዳጄ።*

ክዳኑ ሲከፈት ሰብለ ነጠቀችና የመጀመሪያውን ጋዋን ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ጫፉ ነጭ! ወተት የመሰለ ነጭ!

«ሎኦ! ሎኦ!» ግቢው በወላይትኛ ተንጫጫ፤ ግሩም ነው ማለታቸው።

«እንግዲህ የቀረውን ጀሪካን ምን ላድርገው?» አለ ሚልክያስ እያፈረ።

«እግርህን ታጠብበት፤ ነገ በዚያ ጭቃ ልትዘምር ነው?»

ሳቁ ሲያባራ፣ ጫፋቸው የቀላውን ጨምሮ የቀሩት ሠላሳ ጋዋኖች ተራ እየጠበቁ ነበር። አረጋሽ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ልብስ እየታጠበ እጇ ጭኗ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያዋ ነው። ማሽኑ ሲዞር ምቱን ያዘች፤ ያበጠ አንጓዋን ረስታ፣ ቀስ ብላ አጨበጨበች።