ለወንበር የነገረው

ከባለቤቴ ጋር የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢያችን ውስጥ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንጠመዝዛለን።

«ብርድ ልብሱን ነው ወይስ የኔን አንገት የምትጠመዝዢው?» አለኝ።

«አንገትህንማ ድሮ ነበር» አልኩት። ሳቀ። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ።

ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ የኔ ሥራ አልነበረም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አረቄ ሲጠጣ ጠርሙስ ደብቄአለሁ፣ በር ቆልፌአለሁ፣ እንጦጦ ፀበል አመላልሼዋለሁ። ለአንድ ወር ይተዋል። ከዚያ በረዶ ቆርቆሮውን እንደ ተኩስ ሲደበድበው ብድግ ብሎ ሊጠጣ ይወጣል። በወጣትነቱ ወታደር እንደነበር አውቃለሁ፤ በረዶው ግን የመጠጫ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ የሄደባት፣ ኮተቤ ያለችው የሱስ አማካሪ ግን ሰበብ ነው አላለችም። መጀመሪያ ፍርሃቱ ሲመጣበት እግሩን መሬት ላይ አስረግጦ መተንፈስ አስተማረችው። ከወራት በኋላ የጦር ሜዳውን በትንሽ በትንሹ አስወራችው። እያወራ ሲሄድ የአረቄው አምሮት እየቀነሰ መጣ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጠጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ የሄደው ወደ እሷ ነው።

ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን የሚሄድበትን ሸሚዝ እየተኮስኩ በቅናት እቃጠል ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን አወራችሁ?»

«የድሮ ነገር።»

«ለሷ የሚወራ፣ ለኔ የማይወራ?»

«ቆይ፣ ይደርስሻል» ይለኛል።

ሳይደርሰኝ ሞተ።

ለቅሶው ላይ አማካሪዋ መጣች። የልጄ እኩያ ናት። ጥግ ይዛ ስታለቅስ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ደግሞ የማን ናት? ውሽማ እንዳትሆን ብቻ!» አለችኝ። ምነው ውሽማ በሆነች አልኩ በልቤ። ውሽማ የምታውቀው ገላውን ነው፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ሰው ሲበተን ለብቻዋ አገኘኋት። «ልጄ፣ ምን ነበር የነገረሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሱ ነገር ነው፣ አልችልም።» ዓይኗን ጠረገች። «ግን ለእርስዎ ሊነግርዎ እየተለማመደ ነበር። ባዶ ወንበር ፊቱ አስቀምጠን፣ እርስዎ የተቀመጡበት ይመስል ያናግርዎ ነበር። ባለፈው ሳምንት እስከ መጨረሻው ነገረዎ።»

«ለወንበሩ?»

«ለእርስዎ።»

እስከዚያ ቀን በእሷ ነበር የምቀናው። ከዚያ ወዲያ በወንበር ቀናሁ። በሳምንቱ ኮተቤ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አሳዪኝ አልኳት። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ መደገፊያው ተሰንጥቋል። ተቀመጥኩበት። ፊት ለፊቴ ግድግዳ ብቻ ነበር።

እዚያው ግቢ ከሱስ ያገገሙ ሰዎች ቤተሰቦች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። አሁን እኔም እሄዳለሁ። ሌሎቹ ሚስቶች ባሎቻቸው የነገሯቸውን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እቀናለሁም። የምቀመጠውም መደገፊያው በተሰነጠቀው ወንበር ላይ ነው።